አማትና አማች በሐይቁ ዳር

ልብስ ሰፊ መወፈሩን የሚያውቀው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ሱሪ ሲጠበው ይደነግጣል፤ ወይ ራቱን ይቀንሳል፣ ወይ መሮጥ ይጀምራል፣ ቢያንስ ቢያንስ ሚስቱን «በሙቅ ውሃ አጥበሽ አጠበብሽው» ብሎ ይቆጣል። ልብስ ሰፊ ግን ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ስፌቱን ለቀቅ ያደርግና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ባለሜትሩም እንደዚያ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ፣ አንዳንዴም ረስቶት ሰርግ ድረስ ይዞት ስለሚሄድ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ ኖሮ የእሱን ወገብ የለካችው ግን ሐኪም ናት። ለካችው፣ ደሙን አስመረመረች፣ ስኳሩ አፋፍ ላይ መድረሱንና ግፊቱም ከፍ ማለቱን ነገረችው።

«መድኃኒት ለጊዜው አላዝልዎትም» አለችው። «ጣፋጭ ይተዉ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ከዚያ እናያለን።»

«እሺ» አላት። እሺ ማለት ለእሱ ቀላል ነው፤ ደንበኛው ሁሉ «ለነገ ይደርሳል?» ሲለው እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው።

ችግሩ ሚስቱ ነርስ መሆኗ ነበር። ነርስ ያገባ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ የተመለሰ ይመስለዋል እንጂ ከሐኪም ቤት አልወጣም። ስኳሩን ከጠረጴዛ አነሳች፣ ዘይቱን ቀነሰች፣ በሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከክርና ከቁልፍ ጋር ደብቆት የነበረውን ብስኩት ሳይቀር አገኘችው። በዚያው ሰሞን እናቷም የጉልበት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ቁስሉ ደህና ሽሯል፤ የቀረው ጉልበቱን ማሠራት ብቻ ነው። ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ መራመድ። እሳቸው ግን ከወንበራቸው አልነሳም አሉ። ምርኩዝ ይዞ መታየት አልወደዱም፤ ያለ ምርኩዝ መሄድ ደግሞ ፈሩ።

ነርሷ ሁለቱንም እያየች ስትብሰለሰል ሰነበተችና አንድ ቀን ምሳ ላይ ውሳኔዋን ነገረቻቸው። የዓመት እረፍቷን ትወስዳለች። ሐይቅ ዳር ትንሽ ቤት ለአንድ ወር ትከራያለች። ባሏንና እናቷን ይዛ ትሄዳለች።

«ሁለታችሁንም ሰው አድርጌ ነው የምመልሳችሁ» አለች።

ባለሜትሩ አማቱን ሰረቅ አድርጎ አያቸው። እሳቸውም እሱን አዩት። ከሰርጉ ወዲህ ባለው አራት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ዕለት ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱም መሄድ አልፈለጉም።

አማቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። በጆሮአቸው የኖሩ ሴት ናቸው። ሰው ሄሎ ሲል ማን መሆኑን ብቻ ሳይሆን መክፈሉን፣ መጣላቱን፣ ምሳ መብላቱን ያውቃሉ ይባላል። ልጃቸው ነርስ ስትሆን መቼም ሐኪም ታገባለች፣ መርፌ የሚይዝ ሰው ታመጣልኛለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። መርፌ የሚይዝ ሰውማ አመጣች፤ መርፌው ግን ሌላ ሆነ። ተቃውሞ አላሰሙም። ብቻ ባለሜትሩን ከሰርጉ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እያሉ ይጠሩታል። ለሰሚው ትልቅ አክብሮት ነው። እሱ ግን ያቺ «እርስዎ» በመካከላቸው የቆመች አጥር መሆኗን ያውቃል። አንድም ቀን «አንተ» ብለውት፣ አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ጠባብ ወጥ ቤትና ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ በረንዳ ነበረው። ከበሩ አንድ የእግር መንገድ ይነሳና ውሃውን ተከትሎ፣ በትልልቅ ዛፎች ስር አልፎ፣ ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መቆሚያ ይደርሳል። ለእግር ጉዞ የተሠራ የሚመስል፣ ዳገት የሌለው መንገድ ነው። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ መሀሉ ላይ ኬክ ቤት አለ።

ሻንጣቸው ገና በቅጡ ሳይፈታ ነርሷ ስልክ ተደወለላት። በምትሠራበት የሐኪም ቤት ክፍል ውስጥ ጉንፋን ገብቶ ግማሹ ሠራተኛ ተኝቷል፤ ሰው የለም፤ እባክሽ ነይልን። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ስትከራከር ቆየችና ስልኩን ዘግታ ገባች። ፊቷን ያየ መልሱን መጠየቅ አያስፈልገውም።

«እናንተ ግን ትቆያላችሁ» አለች። «ቤቱ ተከራይቷል፤ እናንተም ታማችኋል። እኔ ለመጨረሻዎቹ ቀናት እመለሳለሁ።»

ልብሷን ስትሰበስብ ባሏን ወጥ ቤት ጠራችው። «እማዬን አደራ። ጠዋትና ማታ ጉልበቷን እንድታሠራ፣ በየቀኑ ትንሽ እንድትራመድ። እሺ እንዳታሰኝህ ፊት አትስጣት» አለችው። ቀጥላ እናቷን መኝታ ክፍል ጠራቻቸው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ባለሜትሩ ሁሉንም ሰማ። «እሱን አደራ። በእግሩ ይሂድ። ኬክ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ እግሩ ስለሚይዘው ዓይንሽን እንዳትነቅይበት።»

አውቶቡሱ ይዟት ሲሄድ አማትና አማች በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ዘርግተው፣ በመካከላቸው ትንሽ ጠረጴዛ አድርገው ተቀመጡ። ሁለቱም ዘበኛ ናቸው፤ ሁለቱም እስረኛ ናቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ባለሜትሩ ነው። «እማማ፣ ያ የጉልበት ነገር...»

«እርስዎስ ያ የእግር ጉዞ ነገር?» አሉት ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳያነሱ።

እዚያው ላይ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ባለሜትሩ ተነሳ። እውነትም ለመሄድ ነበር ያሰበው። ኬክ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ግን ሚስቱ እንዳለችው እግሩ ያዘው። የኬክ ቤቱ ባለቤት መስተዋቱን እየወለወለች ነበር፤ ቀና ብላ በፈገግታ ሰላም አለችው። ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰላምታ መልሶ ባዶ እጅ መውጣትም እንዲሁ ነውር መሰለው። አንዱን ቆሞ በላ። ሁለተኛውን አስጠቅልሎ ይዞ ተመለሰና ምንም ሳይናገር አማቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

አማቱ ወረቀቱን አዩት። እሱን አዩት። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ፈቱት።

«ክሬም አለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አለው።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው በሉት።

ሲመሽ ነርሷ ደወለች። ስልኩን ያነሱት እናቷ ናቸው። «ሄዷል እንጂ» አሉ። «ሄዶ፣ ደርሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ነው የመጣው።» ላቡ እውነት ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ነው። ከዚያ ስልኩን ለእሱ አቀበሉት። «እማዬስ? ጉልበቷን አሠራች?» ስትለው «አዎ አሠርታለች፣ በጣም አሠርታለች፣ ጠዋትም ማታም» አለ።

ሲዘጋ አማቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቸኮሉ። እውነት የሚናገር ሰው መጀመሪያ ትንሽ ያስባል። እርስዎ ግን ጥያቄው ሳያልቅ መለሱ። ነገ ስትጠይቅዎ እ... ይበሉና ትንሽ ቆይተው ይናገሩ።»

ባለሜትሩ አማቱን እንደ አዲስ ሰው አያቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሰላም ወረደ። ማንም ማንንም አያዝም። ጠዋት እስኪጠግቡ ይተኛሉ። ቁርስ ላይ ዳቦው በቅቤ፣ ሻዩ በስኳር ነው። ከምሳ በኋላ ባለሜትሩ ጋደም ይላል፤ አማቱ በረንዳው ላይ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ወደ ማታ እሱ ኬክ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ያቺው ነበረች የእግር ጉዞው። ስልክ ሲደወል እሱ እ... ብሎ ያስባል፣ እሳቸው ይመሰክራሉ። እረፍት ማለት ይኼ ነው አለ ባለሜትሩ በልቡ። ሰውን ከሥራው አንስቶ ሌላ ሥራ የሚሰጥ እረፍት ምን እረፍት ነው?

ሰውነታቸው ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልነበረም። ባለሜትሩ በተኛ ቁጥር ድካሙ ይብሳል፤ ጠዋት ሲነሳ ራሱ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል፣ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። አማቱ ደግሞ ከወንበር ሲነሱ ጠረጴዛውን መደገፍ ጀምረዋል። እሱ ያያል፤ እንዳላየ ይሆናል። እሳቸውም የእሱን ቁና ቁና መተንፈስ ይሰማሉ፤ እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ስምምነቱ ይህንንም ይጨምር ነበር።

አንድ ጠዋት ባለሜትሩ በረንዳውን ሲጠርግ ከመታጠቢያ ቤት ድምፅ ሰማ።

«ይቅርታ... አንድ ጊዜ ይመጣሉ?»

የአማቱ ድምፅ ነበር፤ ግን እንደዚያ አንሶ ሰምቶት አያውቅም። በሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ምነው እማማ?»

«ይግቡ። ልብሴን ለብሻለሁ።»

አማቱ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሳፋ ፊታቸው አድርገው እግራቸውን ሲታጠቡ ነበር። ታጥበው ጨርሰዋል። መነሳት ነው ያቃታቸው። ጉልበቱ ተገትሮ እምቢ ብሏል። ስንት ጊዜ እንደሞከሩ ከፊታቸው ላብ ያስታውቃል። ዓይናቸውን ከሳፋው አላነሱም፤ በአማች ፊት እንዲህ መሆን ከሕመሙ ይልቅ አሟቸዋል።

«አይዞዎት፣ ምንም አይደል» አለና ከኋላ በብብታቸው ገብቶ ወደ ላይ ሳባቸው። ትንሽ ተነሱ። እሱም ከንፈሩን ነክሶ ጨመረ። ያን ጊዜ ጆሮው ጭው አለ፤ ዓይኑ ላይ ጥቁር ነገር መጣ፤ ጉልበቱ ከዳው። አማቱን እንዳይጥላቸው አቅፏቸው ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ሳፋው ተገለበጠ። አማትና አማች በሳሙና ውሃ መካከል፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

አማቱ የረጠበ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል» አሉ አማቱ። «ለካ የአህያ አማችም ያው ነው።»

ባለሜትሩ ሳቁ መጣ። ሊያፍነው ሞከረ፣ አልቻለም። እሳቸውም ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር። ሁለቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ ገባቸው፤ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው፣ የሚያነሳቸው ሰው የለም። ባለሜትሩ እጁን ወለሉ ላይ ተክሎ ለመነሳት ሲዘጋጅ አማቱ ክንዱን ያዙት።

«ተው። አትነሳ» አሉት። «ትንፋሽህ አላማረኝም።»

ቀና ብሎ አያቸው። አማቱ ጆሮአቸውን ወደ ደረቱ አዘንብለው፣ እንደ ድሮው ሩቅ መስመር እንደሚያዳምጡ ሆነው ያዳምጡታል። «አንተ» እንዳሉት ያወቁም አይመስሉም።

«ቀስ በል። ተንፍስ። ቸኩለን የትም አንሄድም።»

ትንፋሹ እስኪሰበሰብ እንደዚያው ተቀመጡ። ከዚያ የፊት መታጠቢያውን ጠርዝ ይዞ ተነሳ፤ ወንበር አመጣ፤ እሳቸው ወንበሩን በክንዳቸው ተደግፈው፣ እሱ ከጎን ይዟቸው፣ በብዙ ማቃሰት ቆሙ። ወለሉን ሲያደርቅ እሳቸው ወጥ ቤት ገብተው ሻይ ጣዱ። ሁለት ብርጭቆ ይዘው በረንዳው ላይ ሲጠብቁት ስኳሩን አላመጡም፤ እሱም አልጠየቀም።

«ባሌ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆም ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር» አሉ አማቱ ሻዩን እያማሰሉ። የሚማሰል ነገር አልነበረበትም። «እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ቆይቼ ሳስበው ጫማው ክር የሌለው ነው። ድካሙን እንዳላይበት ነው የሚጎነበሰው። የዛሬው ትንፋሽህ የእሱን መሰለኝ።»

ባለሜትሩ ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ። አማቱ ስለ ባላቸው ሲያወሩ ሰምቶ አያውቅም።

«ልጄ እኔ ያየሁትን እንድታይ አልፈልግም» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ያንን ምርኩዝ አምጣልኝ እስቲ።»

የመጀመሪያው ቀን ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ብቻ ሄዱ። ሌላ ሰው ቢያይ ሁለት ሰው በር ሊዘጋ የወጣ ይመስለዋል። አማቱ ምርኩዙን በአንድ እጅ፣ የባለሜትሩን ክንድ በሌላው ይዘው፣ እግራቸውን እንደ ተውሶ ዕቃ ተጠንቅቀው ያስቀምጡታል። እሱ በልጅነቱ የሰማውን እያስታወሰ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላቸው ለማበረታታት።

«እንቁላሉ እኔ መሆኔ ነው» አሉ። «እስከ ዛሬ የሄደ እንቁላል አላየሁም። የተሰበረ ግን ብዙ አይቻለሁ። ይልቅ መንገዱን እይ።»

በማግስቱ ከበሩ አልፈው አንደኛው ዛፍ ስር ደረሱ፤ በሌላው ቀን ቀጣዩ ዛፍ ስር። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ይወጣሉ፤ ሲደክማቸው ይቀመጣሉ፤ አረፍ ብለው ይቀጥላሉ። ለአማቱ ርቀቱ በቂ ነበር። ለባለሜትሩ ግን ያ አካሄድ ከመቆም ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ እሳቸው ሲያርፉ «አንተ እስከዚያ ድንጋይ ደርሰህ ና፣ እዚህ ሆኜ አይሃለሁ» እያሉ ይልኩታል። ደርሶ ሲመለስ ትንፋሹን ያዳምጡና ወይ «ይበቃሃል» ይሉታል፣ ወይ «አንዴ ድገመው»። ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «አንዴ ይድገሙት እማማ» ይላል። እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው «እንደ ቀሚስ ልትተረትረኝ ነው እንዴ» ይሉታል፤ ይደግሙታል ግን።

ወጥ ቤቱም ተለወጠ። ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ይዘው ከሚመጡት ዓሣ ይገዙና ሎሚ ጨምቀውበት ይጠብሱታል። ሰላጣና ካሮት ባለሜትሩ ይከትፋል፤ የልብስ ሰፊ አከታተፍ ነውና ሁሉም አንድ ልክ ነው። ከራት በኋላ ፓፓያ ይቆርጣሉ። ኬክ ቤቱን ማለፍ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ ነበር። አማቱ በዚያ በኩል እየሆኑ፣ እሱን በውሃው በኩል እያደረጉ ያሳልፉታል፤ ግን እሳቸውም ቢሆኑ ሽታው ሲመጣ እርምጃቸው ቀዝቀዝ ይላል። በመጨረሻ ተደራደሩ፤ እሑድ እሑድ አንድ ኬክ፣ ለሁለት። የኬክ ቤቱ ባለቤት ሁለት ሹካ ስታመጣላቸው እናትና ልጅ መስለዋት ነበር። ማንም አላረማትም።

መቆሚያው ጫፍ የደረሱ ቀን አማቱ እንጨቱ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃ ውስጥ አደረጉ። ውሃ ውስጥ ጉልበቱ ቀለለላቸው፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዙት ብዙ ቆዩ። ባለሜትሩ ሱሪውን ጠቅልሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲሉኝ የቆዩት ለምንድነው?»

አማቱ እ... ብለው ትንሽ አሰቡ።

«አንተ ካልኩህ ስድብ ይከተላል ብዬ ፈርቼ ነው» አሉ። «እርስዎ እያሉ ሰው መስደብ ይከብዳል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብሰድብህም ትስቃለህ። ምን ዋጋ አለው?»

ይህ ሁሉ እየሆነ ስልኩ ላይ ግን የድሮው ውሸት እንደቀጠለ ነበር። ለነርሷ መጀመሪያውኑ ሁሉ ደህና ነው ስለተባለ፣ አሁን እውነቱ ሲመጣ የሚነገርበት ቦታ አላገኘም። በየዕለቱ ቢራመዱም፣ ተራመድን ሲሉ ያው የትናንቱን የደገሙ ይመስላቸዋል።

እውነቱን ያወጣው የአማቱ ጉልበት ነው። መሻላቸውን ሲያዩ ልባቸው ተነሳሳ። አንድ ከሰዓት ባለሜትሩ ጋደም ባለበት ምርኩዛቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጡ፤ ሳያርፉ መቆሚያው ድረስ ሄዱ፤ ሳያርፉ ተመለሱ። ሲነቃ በረንዳው ላይ ፊታቸው አመድ መስሎ አገኛቸው። ጉልበታቸው እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እሱ ሳይናገር ቀድመው። «አውቃለሁ። አትንገረኝ።»

ባለሜትሩ ስልኩን አነሳ። አማቱ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ልናገር። አንተ ትቸኩላለህ።»

«አይ፣ ዛሬ እኔ ልናገር» አለ።

ነርሷ ስታነሳ እ... አላለም። ሁሉንም ነገራት፤ ኬኩን፣ ሻዩን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ከዚያ በኋላ የሄዱትን መንገድ፣ የዛሬውን እብጠት። ከጀርባዋ የአልጋ መንኮራኩርና የሰው ኮቴ ይሰማል።

«ቁስሉ ቀልቷል? ትኩሳት አላት?» አለች በነርስ ድምፅ።

«የለም።»

«ባቷስ? ከጉልበቷ በታች ያበጠ፣ የሚያማት ነገር አለ?»

«የለም።»

«በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ አድርግላት። እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ። ነገ አትራመድ። ከነገ ወዲያ በትንሹ ትጀምር። ካልጎደለ ወይ ካተኮሳት ሐኪም ቤት ውሰዳት።» ከዚያ ያ የነርስ ድምፅ ተሰበረ። «ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ስውል እነሱስ ደህና ናቸው እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለካ ሁለት ሕፃናት ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ስልኩን ለአማቱ ሰጣቸው። ብዙ አልተናገሩም፤ «እሺ»፣ «እሺ ልጄ»፣ «ልክ ነሽ» ብቻ። ሲዘጉ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ተቆጣች?» አለ ባለሜትሩ።

«መቆጣቷስ ደህና ነው። ምሳ አልበላችም። ድምጿ ባዶ ሆድ ነው። ሁለታችን ስንዋሻት ሰንብተን የእሷን ድምፅ ሳላዳምጥ ቀረሁ።»

እብጠቱ በበረዶው ጎደለ። አንድ ቀን አርፈው እንደገና ከአጥሩ በር ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ በስልክ የሚባለው እውነት ብቻ ነበር፤ «ዛሬ እስከ ሁለተኛው ዛፍ»፣ «ዛሬ ግማሽ ኬክ»፣ «ዛሬ ዝናብ ነበር፣ ቤት ውስጥ ተንጎራደድን»። እና አማቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «አንቺስ ምን በላሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን በጆሮአቸው ይመዝናሉ፤ ካልጣማቸው «አሁኑኑ ዘግተሽ ሂጂና ብዪ» ይሏታል።

ነርሷ እንዳለችው ለመጨረሻዎቹ ቀናት ተመለሰች። አውቶቡሱ ሲቆም ሁለቱ ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። ከቤቱ እስከዚያ በእግራቸው ነው የመጡት። ባሏን እቅፍ አድርጋ ሳመችው፤ ወዲያው ደግሞ እናቷን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጉልበታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

«ታጠፈ እኮ» አለች በዝግታ።

«ልብስ ሰፊ አይደል ያጠፈው» አሉ እናቷ።

ባለሜትሩ ሚስቱን አያት። ዓይኖቿ ስር ጠቁሯል፤ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ትከሻዋ ላይ የሚከብዳት ይመስላል። ቦርሳውን ተቀበላት። ስትሄድ ሁሉ እያወራች ነበር፤ ነገ ጠዋት በጊዜ እንነሳለን፣ ሦስታችንም እስከ መቆሚያው፣ ቁርስ ከዚያ በኋላ፣ እማዬ ሁለት ጊዜ ጉልበቷን ታሠራለች።

በነጋታው አማትና አማች በጊዜ ተነሱ። እሷ አልተነሳችም። የእጅ ሰዓቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች። ባለሜትሩ ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ አማቱ በሩ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። መጋረጃውን ሳበው፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡና በረንዳው ላይ አጠለቁ።

ሄደው ሲመለሱም ተኝታለች። ቁርሷን ከድነው አስቀመጡላት። ዓሣው ተጠበሰ፣ ሰላጣው ተከተፈ፣ አሁንም ተኝታለች። ሬዲዮው አልተከፈተም፤ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር። ፀሐይዋ ወደ በረንዳው ስትዞር ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሞባት ወጣች።

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?» አለች። «ዕቅድ ነበረን እኮ።»

«ዕቅዱ ደርሷል። እኛ ሄደን መጥተናል» አሉ እናቷ። «ተቀመጪና ብዪ።»

ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ግን የዓሣው ሽታ መጣ። ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ደገመችው እንቅልፉን። ወደ ማታ ሦስቱም ወጡ። ያን ዕለት ከሦስቱ ቶሎ ቶሎ ማረፍ ያማራት ነርሷ ነበረች፤ ወር ሙሉ የቆመችበት እግሯ ተረከዙ አብጧል። አማቱ ምርኩዛቸውን አቀበሏትና እሳቸው የባለሜትሩን ክንድ ይዘው ቀጠሉ።

እረፍቱ አልቆ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ሐኪሟ የባለሜትሩን ደም እንደገና አየች። ስኳሩ ወርዷል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ወርዷል። ግፊቱም እንደዚሁ። «እንዲሁ ይቀጥሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ» አለችው። የአማቱ ጉልበት ደግሞ እንደ ልጅነታቸው ባይሆንም ደረጃ ያወጣቸዋል። ነርሷ የተቆረጠባትን እረፍት አስመለሰች፤ ሁለት ቀን ቤቷ ተኝታ አሳለፈች፤ በሦስተኛው ቀን እናቷ ለእግር ጉዞ ሊያስነሷት መጥተው በር አንኳኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ሰፈሩ ሦስቱን ጎን ለጎን ሲሄዱ ያያቸዋል፤ አማቱ መሀል ናቸው። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ሲሄዱም ይከራከራሉ። ነርሷ በገበያው በኩል ሜዳ ነው ትላለች። አማቱ በትምህርት ቤቱ በኩል ጥላ አለ ይላሉ። ባለሜትሩ ሁለቱንም እሺ ይላል።